የማዘንጊያ ሰባት ትንፋሽ

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ከገበያ ስመለስ አንድ ባጃጅ አስቆምኩና ሾፌሩን «መናኸሪያው ጋ አድርሰኝ» አልኩት። መነሣቱን ትቶ ዞሮ አፈጠጠብኝ። ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ ጎልማሳ ነው።

«እትዬ፣ እስቲ አንዴ ‹ጎበዝ ልጆች!› ይበሉ» አለኝ።

«ምን አልክ?»

«ግድ የለም፣ ይበሉ። ‹ጎበዝ ልጆች! አሁን ደግሞ ሁላችሁም አንድ ላይ› ይበሉ።»

አልኩለት። ወይ ጉድ! ያን የሚያህል ጢም ያለው ሰው ዓይኑ በእንባ ሞላ። ጉንደ ወይን አራተኛ ክፍል ሳለ ሒሳብ በራዲዮ ያስተማርኩት ልጅ ኖሯል። መልኬን አይቶ አያውቅም፤ በድምፄ ነው የያዘኝ። መንገዱን ሙሉ ስለዚያ ራዲዮ ሲያወራኝ ሄደ፤ የመሳፈሪያም አልቀበልም አለ። ስወርድ ግን «እትዬ፣ አይቀየሙኝና፣ ያኔ ትንሽ ይቸኩሉ ነበር» ብሎኝ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።

ቤቴ እስክገባ ድረስ ተናደድኩ። የተናደድኩት እውነቱን ስለሆነ ነው።

ሙሉነሽ እባላለሁ። ሠላሳ ዓመት ያህል ደብረ ማርቆስ ላይ ለትምህርት ቤቶች በሚያሰራጭ የራዲዮ ጣቢያ አንባቢ ነበርኩ። የደመወዝ መክፈያው ላይ «የድምፅ ባለሙያ» ይለኛል፤ ሰፈሬ ውስጥ «ራዲዮዋ» ይሉኛል። ደመወዙ ልጆች አሳድጎልኛል፤ ከዚያ በላይ የምለው የለኝም። የሥራ ዘመንሽን ጻፊ ሲሉኝ ያ ሠላሳ ዓመት የሚያጽፍ መስሎኝ ነበር። ብዕር ሳነሣ ግን እጄ የሚሄደው ከጡረታ በኋላ ወደመጣብኝ አንድ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ እንዲገባችሁ ደግሞ ከጋሽ ሙላት መጀመር አለብኝ።

ጋሽ ሙላት የጣቢያችን የንባብ ኃላፊ ነበሩ። በልጅነታቸው ደብረ ኤልያስ አካባቢ ንባብና ዜማ ተምረው፣ ቅኔ ጀምረው፣ ኋላ ወደ አስኳላ የተሻገሩ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲቆጡ ድምፅ የማያወጡ ሰው። የተናደዱ እንደሆነ ዝም ይላሉ፤ ያ ዝምታቸው ከሌላው ሰው ጩኸት ይብስ ነበር።

ለፈተና የቀረብኩ ቀን ስለ አፈር መሸርሸር የተጻፈ አንድ ገጽ ሰጡኝ። አንዲት ቃል ሳልሰናከል እንደ ውኃ አወረድኩት። ቀና ብዬ ሙገሳ ስጠብቅ «ጨረስሽ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«እኔ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ነኝ።»

አልቀጠሩኝም ብዬ ቦርሳዬን አነሣሁ። «ወዴት ነው? ነገ በጠዋት ነይ፤ መሮጡን እናስተውሻለን» አሉኝ። እንግዲህ መሮጡን ለመተው ሠላሳ ዓመት አልበቃኝም።

ልማዳቸው ብዙ ነው። ስቱዲዮ ሲገቡ ሰዓታቸውን ፈትተው ውጭ ያስቀምጣሉ። ጫማም ያወልቃሉ። ቀረጻ ባለ ቀን በርበሬ የነካ ምግብ አይቀምሱም፤ ለብ ያለ ውኃ ብቻ። ማንኛውም ጽሑፍ ደግሞ ሦስት ጊዜ ሳይነበብ ማይክሮፎን ፊት አይቀርብም። ይህን ያመጡት ዳዊት ከደገሙበት ቤት ነው። መጀመሪያ ግእዝ፣ ፊደል በፊደል እየለቀሙ። ቀጥሎ ውርድ ንባብ፣ እየጎተቱ እያዜሙ። በመጨረሻ ቁም ንባብ፣ እንደ ሰው ንግግር። ስለ መጸዳጃ ቤት አጠቃቀም የተጻፈ ትምህርት እንኳ በሦስቱም ያልፋል። መጸዳጃ ቤትን በውርድ ንባብ ሳዜመው ሳቄ ያመልጠኛል፤ እርሳቸው ከንፈራቸውን ንቅንቅ አያደርጉም። «ሳቂና ጨርሺ፤ ከዚያ ከሥር ጀምሪ» ይሉኛል።

ከሁሉም ልማዳቸው ግን ያቺ ግራ እጃቸው ናት። ሲያነቡ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ያስቀምጧታል። ዝም ማለት የሚገባቸው ቦታ ሲደርሱ በየትንፋሹ አንድ ጣት ያጥፋሉ። በሰከንድ አይቆጥሩም። «ሰከንድ የሰዓቱ ነው፤ ትንፋሽ የሰው ነው» ይሉ ነበር።

እኔ ይህን ሁሉ እንደ ሽማግሌ አመል አይቼ አሾፍኩበት። አንድ ቀን ታዲያ ይጁቤ ከተማ ይዘውኝ ሄዱ። አንድ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ የኋላው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። መምህሩ ራዲዮኑን መስኮቱ ላይ ከፈተው፤ የራሴ ድምፅ ወጣ። ደስ አለኝ፤ ክንፍ ነው ያወጣሁት።

«ከአሥራ ሦስት ላይ ስምንት ሲቀነስ ስንት ይቀራል?» አለ ድምፄ። ከፊት ያሉት ወዲያው «አምስት!» አሉ። አጠገባችን የተቀመጠች አንዲት ልጅ ግን በጣቶቿ እየቆጠረች ነበር። ቆጠረች፣ ቆጠረች፣ ደረሰችበት። ፊቷ በራ። አፏን ስትከፍት «ጎበዝ! አምስት ነው» አለ ድምፄ ከመስኮቱ። አፏን ዘጋች። ሁለተኛውም ጥያቄ እንደዚያው ሆነ። ሦስተኛው ሲጠየቅ መቁጠሩን ተወችና ሁለቱንም እጆቿን ዴስኩ ሥር ከተተች።

ጋሽ ሙላት እኔን አላዩኝም። ከክፍሉ ስንወጣ ብቻ «አየሻት?» አሉኝ።

«አየኋት ጋሼ።»

«እሷን የመሰለ በየክፍሉ አለ። ለአንቺ አንድ ትንፋሽ የሚበቃው ለእሷ ሦስት ይፈልጋል። ዝም የምትዪበት ጊዜ የእሷ ነው፤ ለምን ትነጥቂያታለሽ?»

ከዚያ ወደ ገበያው ወሰዱኝ። ቅቤ ተራ ላይ ቆመን «ከእነዚህ ሴቶች ጠንካራዋ የቷ ናት?» አሉኝ። እየጮኸች የምትጣራውን፣ መንገደኛውን ሁሉ በክንዱ የምትይዘውን አሳየኋቸው። «ቆይተሽ እዪ» አሉኝ። ቆየን። ያቺ የምትጮኸው ገዢ ፊቱን ባጠቆረ ቁጥር ዋጋዋን ትቀንሳለች። ከዳር የተቀመጠች አንዲት ከሲታ ሴት ግን ገዢው ዋጋ ሲጠራ አትመልስም። ቅቤዋ ላይ ያለውን የኮባ ቅጠል ታስተካክላለች፣ ትተነፍሳለች፣ ዋጋዋን አንዴ ትናገራለች፣ አለቀ። የጠራችውን ከፍለዋት ሄዱ።

«ያችኛዋ ከተናገረች በኋላ ነው የምትተነፍሰው» አሉኝ ጋሽ ሙላት። «ይህችኛዋ ከመናገሯ በፊት። የአንድን ገጸ ባሕርይ ጥንካሬ ከጉሮሮሽ አትፈልጊው፤ ትንፋሹን የት ላይ እንደሚወስድ ፈልጊ።»

ይህንን የሰማሁት በሃያዎቹ ዕድሜዬ ነው። ሰምቼም ሠራሁበት፤ ውሸት አይደለም። ግን እርሳቸው ጡረታ ወጡ። በኋላ የመጡት አለቃ ደግ ሰው ነበሩ፤ ባዶ አየር የሚሉት፣ ራዲዮው ድምፅ የማያወጣበት ጊዜ ግን እንደ ጅብ ያስፈራቸዋል። ፕሮግራሙ ሃያ ደቂቃ ነው፤ በሃያ ደቂቃ ውስጥ የሚታጨቀው ትምህርት በየዓመቱ ይበዛል። እኔም ዝምታዬን እየሸረፍኩ ሸረፍኩና መጨረሻ ላይ ጠፋ። የባጃጁ ልጅ የደረሰው በዚያ ዘመን ነው። ኋላ ቴሌቪዥኑ መጣ፣ ስልኩ መጣ፤ ጣቢያው ሥራው እየሳሳ ሄደ። እኔም ጋቢ ለብሼ፣ ፎቶ ተነሥቼ ወጣሁ።

ከባጃጁ ነገር አንድ ወር ሳይሞላ የጋሽ ሙላት ልጅ ውባለም ደወለችልኝ። አስተማሪ ናት፤ አባቷን የምታኖረው እሷ ናት። «እትዬ ሙሉ፣ አባባ ይፈልጉዎታል። ቶሎ ቢመጡ ጥሩ ነው» አለችኝ።

ሄድኩ። አምላኬ! ያ ቁመት ወንበር ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። የዓይን ግፊት ዓይናቸውን ከወሰደው አራት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ይህን አውቃለሁ። ያላወቅሁት የጆሮውን ነው። ግራው ተዘግቷል፤ ቀኙም እየተዘጋ ነው፤ ሐኪሙ ወራት ነው የሚቆየው ብሏል። የመስሚያ መሣሪያ ተገዝቶላቸው ፉጨት ብቻ ሆነባቸውና ጥለውታል። በቀኝ ጆሯቸው አጠገብ ተቀምጬ «ሙሉነሽ ነኝ ጋሼ» አልኳቸው።

«ድምፅሽ አላረጀም» አሉና ውባለምን በእጃቸው ጠሯት። ከአልጋቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለሉ አምስት ወፋፍራም ደብተሮች አውጥታ ጭኔ ላይ አኖረች። በእርሳስ የተጻፉ ናቸው።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ስጽፈው የነበረ ነው። ተረት መሰለኝ። ለልጆች መሰለኝ፤ እንጃ። የመጨረሻውን ገጽ ስጽፍ ዓይኔ ሄደ፤ አንድም ቀን መልሼ አላነበብኩትም። ሙሉነሽ፣ ይህች ጆሮ ሳትዘጋ አንዴ ልስማው። የጻፍኩት ደህና ይሁን አይሁን ሳላውቅ ልሙት እንዴ?»

ሰው እንዲህ ብሎ ሲለምንህ ምን ትላለህ? እሺ አልኩ።

ሦስት ቀን ቤቴን ዘግቼ አነበብኩት። እግዚኦ! አንድ ሰው ስለ አፈር መሸርሸር እያነበበ ይህንን ሁሉ ሆዱ ውስጥ ይዞ ይዞራል? ከጭጋግ በላይ ያለች አገር ናት። እዚያ አገር ልጆች አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ወደ ጭጋጉ ደጅ ይወርዳሉ። ደጁ ላይ ቤት የሚያህል ዓይነ ስውር ጃርት ተኝቷል፤ እሾሁ ሲነቃነቅ እንደ ጸናጽል ይሰማል። ለመጣው ልጅ ሁሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ያቀርባል፤ «ማን ነሽ? ማን ነህ?» ልጁ የመለሰውን ሆኖ ይቀራል፤ ጸጋው ያ ነው። «ብርቱ ነኝ» ያለ እስኪሞት ድንጋይ ይሸከማል፤ «ፈጣን ነኝ» ያለች እስክትሞት መልእክት ታደርሳለች። ማዘንጊያ የምትባል አንዲት ልጅ ግን ስትጠየቅ አፏ ተሳሰረና ሳትመልስ ሸሸች። ከአገሩ ሰው ሁሉ ጸጋ የሌላት እሷ ብቻ ሆነች። አምስቱ ደብተር ይህች ልጅ ከጭጋጉ በታች በእግሯ ስትዞር፣ ስትፈራ፣ ስትሳሳት፣ ስታድግ ነው።

በመጨረሻው ምዕራፍ ወደ ጃርቱ ትመለሳለች። «ማን ነሽ?» ይላታል። ከዚያ ደብተሩ ላይ ምንም አልተጻፈም፤ ሰባት ትናንሽ ክቦች በእርሳስ ተደርድረዋል። ከክቦቹ በኋላ ማዘንጊያ ሁለት ቃል ትመልሳለች። «ገና ነኝ።» ያን ጊዜ ጃርቱ ይነሣል፤ ለካ ሰው ሁሉ ደጅ ሲለው የኖረው ጃርቱ ተኝቶ የዘጋው መንገድ ኖሯል። አንብቤ ስጨርስ ደብተሩን ዘግቼ መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ሥራ ያስተማሩኝን ሰው ሠላሳ ዓመት አላውቃቸውም ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሁለት ነገር ያሯሩጠኝ ጀመር። አንዱ የጋሽ ሙላት ጆሮ። ሌላው ክረምቱ፤ የደብረ ማርቆስ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ከጀመረ ቀረጻ የሚባል ነገር የለም። የጣቢያችን የድምፅ ቴክኒሽያን የነበረውን ኢብራሂምን ጠራሁት። እሱም እንደ እኔ ጡረተኛ ነው፤ ግን ኮምፒውተሩንና ማይክሮፎኑን ቤቱ አስቀምጧል። የውባለምን ዕቃ ቤት በፍራሽና በብርድ ልብስ ሸፍነን ገባንበት። ሦስት ጊዜ ማንበቡን ትቼ በቀጥታ በቁም ንባብ ያዝኩት። በአሥራ አንድ ቀን አምስቱን ደብተር ፈጀሁት።

ማዘንጊያንም ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ የሚያምር፣ የሚያስገመግም የጀግና ድምፅ ሰጠኋት። ያቺ የራዲዮ ድምፄ ናት፤ «ጎበዝ ልጆች!» የምትለዋ። ሰባቱን ክቦች አይቻቸዋለሁ፤ ምን እንደሆኑም አውቃለሁ። ግን ማይክሮፎን ፊት ስደርስ ያ የባዶ አየር ፍርሃት ያዘኝና አንዴ ተንፍሼ አለፍኩ። ይባስ ብዬ ኢብራሂምን «ባዶ ባዶውን ሁሉ ጥረግልኝ፤ ቶሎ እንዲያልቅላቸው» አልኩት። «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። «ጥረገው አልኩህ!» አልኩት። ጠረገው።

ጋሽ ሙላት ሦስት ቀን፣ ከሰዓት ከሰዓት አዳመጡት። ማዳመጫው ቀኝ ጆሯቸው ላይ ነው፤ ግራ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተዘርግቷል። እኔ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ያቺን እጅ አያለሁ። ዝም የሚባልበት ቦታ ሲደርስ አውራ ጣታቸው መታጠፍ ይጀምራል፤ ድምፄ ይመጣል፤ ጣቱ ይመለሳል። እንደገና ይጀምራል፤ እንደገና ይመለሳል። ሁለተኛው ቀን እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

የይጁቤዋ ልጅ ዓይኔ ላይ መጣችብኝ።

ሲያልቅ ማዳመጫውን አወለቁና «ደህና ነው። እግዜር ይስጥሽ፣ ደክመሻል» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ጋሼ፣ በሞቴ እውነቱን ይንገሩኝ» ብዬ ጆሯቸው ላይ ጮኽኩ።

ዝም አሉ። ያ ዝምታቸው። ከዚያ «ልጅቱን ሳትወለድ ዳርሻት» አሉኝ። «ከመጀመሪያው ገጽ ጀግና ናት። ጀግና ከሆነች ታዲያ እኔ አምስት ደብተር ሙሉ በእግሯ ለምን አስኬዳታለሁ? እቤቷ ትቀመጥ ነበር።»

«ጆሮዎ እንዳይቀድመን ብዬ ነው የሮጥኩት።»

«አውቃለሁ። ግን ይሄ የሰማሁት የእኔ መጽሐፍ ይሁን አይሁን አሁንም አላወቅሁም። ሙሉውን በሩጫ ከምሰማ ግማሹን በወጉ ብሰማ ይሻለኝ ነበር።»

ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ። መጀመሪያ በእርሳቸው ተናደድኩ፤ ጉሮሮዬ እስኪላጥ አንብቤ ይሄ ነው ምስጋናዬ? ብዬ። ቀጥሎ በራሴ። እርሳቸው የሰጡኝን አንድ ነገር፣ ለእርሳቸው ለራሳቸው መልሼ መስጠት አቃተኝ። አይ እኔ!

በማግሥቱ ኢብራሂም ቤት ሄድኩ። «ከሥር እንጀምር» አልኩት።

«ዝናቡስ?» አለ። ትንሽ አሰበና ተነሣ። ወንድሙ ገበያው አጠገብ በፎቅ ሥር የጨርቅ መጋዘን አለው። ከወለል እስከ ጣሪያ ጣቃ በጣቃ ነው፤ አቡጀዲው፣ ሱፉ፣ ፖሊስተሩ። ኢብራሂም መሐሉ ቆመና አጨበጨበ። ጭብጨባው እዚያው እጁ ላይ ቀረ። ውጭ ዶፍ እየወረደ ነበር፤ አንዲት ጠብታ አልሰማንም። «ስናድግ ድብብቆሽ የምንጫወትበት ነው፤ ይህን ሁሉ ዓመት በጆሮዬ አላሰብኩትም» አለ እየሳቀ።

ሰዓቴን ፈትቼ ለወንድሙ ሰጠሁት። ጫማዬን አወለቅሁ። ግራ እጄን አንድ የአቡጀዲ ጣቃ ላይ ዘረጋሁና የመጀመሪያውን ደብተር በግእዝ ጀመርኩ፤ ፊደል በፊደል። ኢብራሂም ሳይቆጣ ጠበቀኝ። ከዚያ በውርድ። በውርድ ሳዜመው ነው ማዘንጊያ የተገለጠችልኝ። ልጅቱ በመጀመሪያው ደብተር ውስጥ ስትናገር አየሩን ቀድማ ትጨርሳለች፤ ቃሏ የሚወጣው በትንፋሿ ጭራ ነው። ሁለተኛው ላይ፣ ድንጋይ ከሚሸከመው ሰውዬ ጋር ስትከራከር፣ መሐል ላይ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ግን ዓረፍተ ነገሩን ትጨርሰዋለች። አራተኛው ላይ ‹ፈጣን ነኝ› ብላ መልእክተኛ የሆነችው እህቷ ስታፌዝባት አትመልስም፤ ትተነፍሳለች፤ ከዚያ ነው የምትናገረው። ቅቤ ሻጯን አሰብኳት። ጋሽ ሙላት ይህንን ሁሉ ጽፈውታል እኮ! በነጠላ ሠረዝና በነጥብ አስቀምጠውታል፤ እኔ ስሮጥ ረግጬው ነው ያለፍኩት። ድምፄን ምንም አልቀየርኩትም። ትንፋሿን ብቻ ከተጻፈበት ቦታ ወሰድኩት፤ ልጅቱ በጉሮሮዬ ውስጥ ስታድግ ይሰማኝ ጀመር። ሠላሳ ዓመት አንብቤ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም።

የተቀዳውን በየዕለቱ በፍላሽ ለጋሽ ሙላት እናደርሳለን። የመጀመሪያውን ደብተር ሲሰሙ ጣቶቻቸው ተቆጥረው ታጠፉ፤ አንድም አልተመለሰም። ሲያልቅ «እሰይ፣ ፈራች» አሉ። ስለ ማዘንጊያ ነው። ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ መጻፍ አልችልም።

ጆሮው ግን አልጠበቀንም። ሁለተኛው ደብተር ላይ ድምፁን መጨረሻ ድረስ ከፈትነው። ሦስተኛው ላይ «ይሄ ዝናብ ነው ወይስ ሙሉነሽ ናት?» ብለው ጠየቁ። አራተኛው ላይ ከዓረፍተ ነገሩ ግማሹ ያመልጣቸዋል፤ ግማሹን ከራሳቸው ያሟሉታል። ውባለም አንድ ቀን በር ላይ ያዘችኝ።

«እትዬ ሙሉ፣ እባክዎ፣ ትንሽ ቢያፋጥኑት? አንድ ደብተር ነው የቀረው። ላይደርሱበት ነው እኮ!»

እውነቷን ነው። በሦስት ቀን ልጨርሰው እችል ነበር። ገብቼ ቀኝ ጆሯቸው ላይ አፌን አስጠግቼ የቻልኩትን ያህል ጮኽኩ። «ጋሼ! ልፍጠን ወይ?»

ሰሙኝ መሰለኝ። ግራ እጃቸውን አነሡና ዘርግተው ያዙልኝ። አንድም ጣት አላጠፉም፤ ትንፋሽ ለመቁጠር እንደተዘጋጀ ሰው ዘርግተው ያዙት ብቻ። ተመልሼ ወደ መጋዘኑ ሄድኩና አምስተኛውን ደብተር በግእዝ ጀመርኩ።

የመጨረሻው ምዕራፍ በደረሰ ጊዜ ማዳመጫው ምንም አልረዳቸውም። ኢብራሂም ቤቱ ሄዶ ከአሮጌው ስቱዲዮ ዕቃ የገዛውን የእንጨት ድምፅ ማጉያ በባጃጅ ጭኖ መጣ፤ የፍየል ቁመት አለው። ጋሽ ሙላት ፊት አቆመውና ቀኝ እጃቸውን አንሥቶ በመዳፋቸው ሣጥኑ ላይ አሳረፈው። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባቸው። ግራ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ።

ከፈትነው። ሣጥኑ ይርገበገባል፤ ድምፄ በመዳፋቸው ይገባል። ቃል ግን በመዳፍ አይሰማም። ይከተሉን ይሁን፣ ዝም ብለው እንጨት ይዘው ይሁን፣ ማናችንም አናውቅም። ፊታቸው ምንም አይናገርም። ውባለም ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ማዘንጊያ ወጣች፣ ጭጋጉ ውስጥ ገባች፣ የእሾሁ ድምፅ ተሰማት። እኔ በልቤ «ጠፍቷቸዋል፣ ዘግይቼባቸዋለሁ» እያልኩ ነበር።

«ማን ነሽ?» አለ ጃርቱ። ሣጥኑ መርገብገቡን አቆመ።

አውራ ጣታቸው ታጠፈ። ሌባ ጣታቸው ታጠፈ። ትንፋሼን ያዝኩ፤ እርሳቸው ግን ይተነፍሳሉ፣ በረጅሙ፣ ደረታቸው ሲነሣና ሲወርድ ይታያል። መሐል ጣት። የቀለበት ጣት። ትንሿ። አምስት ሆነ። ክፍሉ ጸጥ ብሏል፤ ከድምፅ ማጉያው የሚወጣ ነገር የለም። አውራ ጣታቸው ተመልሶ ተዘረጋ። ሌባ ጣታቸው ተመልሶ ተዘረጋ።

«ገና ነኝ» አሉ ጋሽ ሙላት።

«ገና ነኝ» አለ ድምፄ ከሣጥኑ። ማን እንደቀደመ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አንድ ላይ ነው የወጣው። ኢብራሂም «ሱብሐነላህ» ብሎ ተቀመጠ። ውባለም አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ደግሞ፣ ሠላሳ ዓመት በየክፍሉ መስኮት ላይ ሆኜ ያልኩት ቃል ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«ጎበዝ» አልኳቸው።

አልሰሙኝም። እጃቸውንም ከሣጥኑ ላይ አላነሡም፤ መጽሐፉ ገና ሁለት ገጽ ይቀረው ነበር።